ጎረቤት አለኝ፣ ሰው ግን የለኝም

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ቡና የሚጠራኝ የለም። ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው። በሰው ሁሉ ቂም ይዣለሁ፤ ለማንም የማልጠቅም መስሎኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ቂምዎ ክፋት አይደለም። ብቸኝነት ሲከርም አእምሮ ራሱን ለመከላከል ሲል የሰውን ፊት ሁሉ ይጠረጥራል፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ካቺዮፖ ይህን ለዓመታት አጥንቷል። ደረጃው ላይ አቀርቅሮ ያለፈዎት ጎረቤት ምናልባት እርስዎን ፈርቶ ይሆናል። ‘ይቅር በሉ’ ብዬ አልቸኩልብዎትም። የሕንፃው ዕድር ውስጥ ይግቡ፤ መዋጮ ከፍሎ መመለስ ግን አይበቃም፣ ሥራ ይጠይቁ። ድንኳን ሲተከል ሽንኩርት ይክተፉ፣ ለቀስተኛ ያስተናግዱ፤ አንድ ቀን ሲቀሩ ‘የት ጠፉ?’ የሚልዎት ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ።