የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ እንዴት ይለወጣል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የተቀመጠበት ዕቃ ሲበላሽ የተጻፈውም አብሮ ይጠፋል። ወረቀትን ምስጥ ይበላዋል፣ ውኃ ያበሰብሰዋል። በኮምፒዩተር የተጻፈውስ? እሱም የራሱ ጠላት አለው። በዚህ ትምህርት የኮምፒዩተር ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ፣ ማስቀመጫው ሲያረጅ እንዴት እንደሚለወጥና አዲሱ እንዴት ለሥራ እንደሚዘጋጅ እንማራለን።

ሃርድ ዲስክ ምንድን ነው?

አንድ ጸሐፊ ለሥራው ጠረጴዛና የመዝገብ ሣጥን ያስፈልጉታል። የሚሠራበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ሲጨርስ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ይቆልፋል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ጠረጴዛው ራም ይባላል። መብራት ሲጠፋ በራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የመዝገብ ሣጥኑ ደግሞ ሃርድ ዲስክ ነው። መብራት ቢጠፋም በዲስኩ ላይ የተቀመጠው እዚያው ይቆያል።

የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። 50 ክብ ሰሌዳዎች ነበሩት። የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከዚያ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይይዛል።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ጽሑፉን የሚያነበው ጫፍ ሰሌዳውን ሳይነካ ከላዩ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዲስኩ እየሠራ ሳለ ኮምፒዩተሩ ቢወድቅ ጫፉ ሰሌዳውን ሊፍቀው ይችላል። ባይወድቅም በዕድሜ ብዛት ያልቃል።

ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል። ትናንት የተከፈተው ፋይል ዛሬ አልከፈትም ይላል። እነዚህን ምልክቶች አይቶ ዝም ማለት አይገባም።

መጀመሪያ ግልባጭ

አንድ የእድር ጸሐፊ የ200 አባወራ መዋጮ በኮምፒዩተር መዝግቦ ይይዛል እንበል። ማን ከፈለ? ማን ውዝፍ አለበት? ለሟች ቤተሰብ ምን ያህል ተሰጠ? ሁሉም እዚያው ነው ያለው። ዲስኩ ቢሞት «እኔ እኮ ከፍያለሁ» የሚለውን አባል በምን ማስረጃ እናምነዋለን? ለአዲስ ዲስክ የሚወጣውን ገንዘብ አባላቱ አዋጥተው ይተኩታል። የጠፋው መዝገብ ግን በገንዘብ አይገዛም።

ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ሲንቀራፈፍበት «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ፎርማት ማድረግ ማለት ግን ጥቁር ሰሌዳን በዳስተር እንደ ማጥፋት ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት ግልባጭ እንያዝ። መዝገቡን፣ ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ እንገልብጥ። ከተቻለ ሁለት ግልባጭ ይዘጋጅ። አንዱ በጸሐፊው፣ ሁለተኛው በሊቀ መንበሩ ቤት ይቀመጥ። ግልባጩንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ያልተከፈተ ግልባጭ አይታመንም።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ በጣም የሚያስፈልገው ፋይል ይቅደም። ጭራሽ አልነሳም ካለ ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያብሰዋል። ያን ጊዜ አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

ምን ዓይነት ዲስክ እንግዛ?

ዛሬ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። አንደኛው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለተኛው ኤስ.ኤስ.ዲ. ይባላል። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሽከረከር ነገር የለውም። ስለዚህ መናወጥን ይችላል፣ በጣምም ፈጣን ነው። ነገር ግን ሲበላሽ ድምፅ ሳያሰማ በድንገት ሊሆን ስለሚችል ለእሱም ግልባጭ ያስፈልገዋል።

መጠኑም ይለያያል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3.5 ኢንች፣ የላፕቶፕ ደግሞ ባለ 2.5 ኢንች ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ኤም.2 የተባለው ዓይነት እንደ ማስቲካ ቀጭን ነው። አንዱ በሌላው ቦታ በቀጥታ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ሞዴል ጽፎ ወይም አሮጌውን ዲስክ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ከኪሳራ ያድናል።

አለዋወጡ

1. ኮምፒዩተሩን አጥፉ። ገመዱንም ከሶኬት ንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ።

2. ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ንኩ። በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም የኮምፒዩተሩን ዕቃ ሊያበላሽ ይችላል።

3. ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፍቱ። እንዳይጠፉ በሲኒ ውስጥ አስቀምጡ።

4. በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ሁለት ገመዶች ይሰካሉ። ሰፊው ኤሌክትሪክ ያመጣል፣ ጠባቡ ጽሑፉን ያመላልሳል። ስትነቅሉ ገመዱን ሳይሆን ጫፉን ይዛችሁ ሳቡ።

5. አዲሱን ዲስክ በአሮጌው ቦታ አስገብታችሁ እሰሩ፣ ገመዶቹንም ሰኩ። ገመዱ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እምቢ ካለ አዙራችሁ ሞክሩ እንጂ በጉልበት አትግፉ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን

አዲሱ ዲስክ ባዶ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ የሚነሳበት ነገር እንዳጣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አትደንግጡ። የጎደለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ይህም ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተባብር ዋና ፕሮግራም ነው።

በብዛት የሚታወቀው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፣ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችንም አይቀበልም። ለእነዚህ ሊኑክስ ጥሩ አማራጭ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ኡቡንቱን የመሰሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የመጫኛ ፍላሽ የሚዘጋጀው በሌላ ደህና ኮምፒዩተር ነው። ለዊንዶውስ ቢያንስ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙን ከሠሪው ከራሱ ገጽ ማውረድ ይገባል። ከየትም የተገኘ ቅጂ ቫይረስ ሊኖረው ይችላል። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋም አትርሱ።

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒዩተሩን ስታበሩ ከየት እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን ቁልፍ ተጫኑ። እንደ ኮምፒዩተሩ ዓይነት ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፍላሹን መርጣችሁ የሚጠየቀውን በጥሞና እያነበባችሁ መልሱ።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ሁለት ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ በየትኛው ላይ እንደሚጭን ይጠይቃል። በስሕተት መዝገብ ያለበትን የመረጠ ሰው መዝገቡን በገዛ እጁ ያጠፋል። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ይቆይ። በመጫን መካከል መብራት ቢጠፋ ሥራው ሊበላሽና እንደገና መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ።

ከተጫነ በኋላ

የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሩ። ከዚያም ግልባጩን መልሱና አንድ በአንድ ክፈቱ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ይነበባል። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈው ግን ፊደሉ ካልተጫነ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰነድ ካለ የፊደሉንም ፋይል አብሮ መገልበጥ ይገባል።

ሁሉም መመለሱ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው ዲስክ አይጣል። ከተረጋገጠም በኋላ ዝም ብሎ ለልዋጭ አይሰጥም። ፋይሉ ተሰርዟል ቢባልም በባለሙያ እጅ ሊወጣ ይችላል። የሰዎች ስም፣ ስልክና ገንዘብ የተጻፈበት ስለሆነ በሚገባ ይጥፋ ወይም ሰሌዳው ይሰበር። የእድር መዝገብ የአባላቱ አደራ ነው።

ጥያቄዎች

1. በራምና በሃርድ ዲስክ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ዲስክ ሊበላሽ ሲል የሚያሳያቸውን ምልክቶች ዘርዝሩ።
3. ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን አሮጌው ዲስክ ለምን ይነቀላል?
4. በእናንተ እድር ወይም ማኅበር በኮምፒዩተር የተያዘ መዝገብ አለ? ግልባጩስ በማን እጅ ነው? ተወያዩበት።