የሠራተኛው ሀቅ፤ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝና ስለ ተገቢ ዋጋ

ምስጋና ሁሉ ሲሳይን በፍጡሮቹ መካከል ለደለደለ፣ አንዱንም ለሌላው ረዳት ላደረገ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንተ በንግድ የምትተዳደር ወንድሜ ሆይ፣ አንቺም ቤትሽን በሠራተኛ እጅ የምታሳድሪ እኅቴ ሆይ፣ ሚዛንን ማጉደል ክልክል መሆኑን ታውቃላችሁ። ቡና ወይም በርበሬ ሲመዝን ጣቱን በሚዛኑ ላይ የሚያሳርፍ ሰው በገበያው ሁሉ የተናቀ ነው። ነገር ግን የሰው ድካምም የሚመዘን ነገር መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። የነቢዩ ሹዐይብ (ዐለይሂ ሰላም) ሕዝቦች የታዘዙት ስፍርንና ሚዛንን እንዲሞሉ ብቻ አልነበረም፤ የሰዎችን ማናቸውንም ነገር እንዳያጎድሉም ተነግሯቸዋል። በዚህ ሰፊ ቃል ውስጥ የሠራተኛ ድካም አይገባም የሚል ሰው ቢኖር ማስረጃውን ያምጣ።

ሰውን ለሥራ መያዝ በሸሪዓ «ኢጃራ» ይባላል። ኢጃራ እንደ ሽያጭ ያለ ውል ነው፤ የሚሸጠው ግን ዕቃ ሳይሆን የሰው ጉልበትና ጊዜ ነው። ስለዚህ ሠራተኛን ዋጋው ሳይነገረው መያዝ የተከለከለ ሆነ። ነቢዩ ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) በመድየን በተቀጠሩ ጊዜ ዘመኑ ስምንት ዓመት መሆኑ፣ በፈቃዳቸው ቢጨምሩም አሥር እንደሚሞላ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር።

በእኛ ገበያ ግን የተለመደው ቃል «አንጣላም» የሚለው ነው። እኔ ራሴ በደረሳነቴ ዘመን ጆንያ ልሸከም ወደ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ገባሁ። ዋጋዬን ብጠይቀው «አንተ የቁርኣን ልጅ ነህ፤ እኔና አንተ በገንዘብ አንጣላም» አለኝ። አፍሬ ዝም አልሁ። ወሩ ሲያልቅ የሰጠኝ ገንዘብ አንድ ኩታ እንኳ የሚገዛ አልነበረም፤ ብናገርም «ተስማምተን አልነበረምን?» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ነገር በኋላ በፊቅህ ትምህርት አገኘሁት። ዋጋው ሳይነገር የተያዘ ሠራተኛ ሥራውን ከፈጸመ፣ ውሉ ፋሲድ፣ ማለት የተበላሸ ቢሆንም፣ ድካሙ ከንቱ አይቀርም፤ «ኡጅረቱል ሚስል» ይገባዋል። ይኸውም እርሱን የመሰለ ሰው በዚያ አገርና በዚያ ጊዜ ለዚያው ዓይነት ሥራ የሚከፈለው ዋጋ ነው። እንግዲህ «አንጣላም» ማለት አሠሪውን ከዕዳ አያድነውም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። «ዋጋውን ነግሬዋለሁ፤ እርሱም ወዶ ተቀብሏል፤ ከእኔ ምን ይፈለጋል?» የሚል ነጋዴ ታገኛለህ። ወንድሜ ሆይ፣ ወዶ ተቀበለ የሚባለው እምቢ ለማለት አቅም ያለው ሰው ነው። ልጆቹ ጦማቸውን ያደሩበት አባት በግማሽ ዋጋ እሺ ቢል፣ ያ እሺታ ከረኀብ የወጣ ነው። መንግሥታት ዝቅተኛ ደመወዝን በሕግ ለመወሰን የተነሡት በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ኒው ዚላንድ፣ በ1896 ደግሞ በአውስትራሊያ የምትገኘው ቪክቶሪያ በዚህ መንገድ ቀደሙ። በ1907 በአውስትራሊያ አንድ ዳኛ፣ ሂጊንስ የሚባል፣ የእርሻ መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ጉዳይ ሲፈርድ፣ ሠራተኛ በስንት ይገኛል ብሎ አልመረመረም። ሙያ የሌለው ሠራተኛ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር እንደ ሰው ለመኖር ስንት ያስፈልገዋል ብሎ መረመረ፤ በቀን 7 ሺሊንግ እንዲሆንም ፈረደ።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ እኛ ሙስሊሞች እንግዶች አይደለንም። ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በሕዝብ ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ሚስት ከሌለው እንዲያገባ፣ ቤት ከሌለውም ቤት እንዲይዝ ፈቅደዋል፤ ይህም አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ ይገኛል። ሰውየው ለመኖር የሚያስፈልገው ነገር ከደመወዙ ጋር እንደሚታሰብ ከዚህ እንረዳለን።

ምናልባት «ነቢዩ በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ተመን እንዲያወጡ ቢለመኑ እምቢ አላሉምን?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄህ የዐዋቂ ጥያቄ ነው። በ728 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ ይህን መርምረዋል። ዋጋው የተወደደው ሰው ሳይበድል፣ ዕቃው በማነሱ ወይም ፈላጊው በመብዛቱ ከሆነ ገዢው እጁን አያስገባም። ሕዝቡ የገበሬውን፣ የሸማኔውንና የግንበኛውን ሥራ አጥብቆ ሲፈልግ ግን ገዢው በኡጅረቱል ሚስል እንዲሠሩ ሊያዝዝ ይችላል፤ ሠራተኛው ከዚያ አስበልጦ እንዳይጠይቅ፣ አሠሪውም ከዚያ አሳንሶ እንዳይበድለው። ትእዛዙ ሁለቱንም ወገን መያዙን አስተውል።

ብዙ ልጆቻችን ሄደው የሚያገለግሉባቸው የዐረብ አገሮችም ወደዚህ የመጡት በቅርብ ጊዜ ነው። ኩዌት በ2016 ለቤት ሠራተኞች ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 60 ዲናር አደረገች። ቀጠር (ኳታር) ደግሞ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኛንም ጨምሮ ለማንኛውም አገር ሰው 1000 ሪያል ወሰነች፤ አሠሪው ምግብ የማያቀርብ ከሆነ 300፣ መኖሪያ የማይሰጥ ከሆነ 500 ሪያል እንዲጨምር አዘዘች። በዚህ አቆጣጠር ምግብና መኝታ ከደመወዙ ውጭ መሆናቸውን ተመልከቺ እኅቴ። «ታበላለች፣ ታድራለች፤ ሌላ ምን ትሻለች?» የሚለውን ንግግር እንተው። አቡ ዘር ያስተላለፉት ሐዲስ ያገለገለንን ሰው ከምንበላው እንድናበላ፣ ከምንለብሰውም እንድናለብስ ያዘናል፤ ይህን ማድረጋችን ግን ደመወዙን አያስቀርልንም።

በአገራችን በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ በየጊዜው እየተጠና በደመወዝ ቦርድ እንዲወሰን መንገድ አበጅቷል። ሥራው በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ይታሰባል። የሰዓት ድርሻው 20 ብር የሆነ ሠራተኛህ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሰዓት አምሽቶ ዕቃ ቢያራግፍልህ 60 ብር ዕዳ አለብህ፤ እራት ጋብዘኸው ዕዳው አይፋቅም። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ አልተካተተችም፤ ለእርሷ የተተወው የተለየ ደንብ ነው። ስለዚህ የእርሷ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ በእመቤቲቱ አላህን መፍራት ላይ ተንጠልጥሏል።

ሕግ ዝቅተኛ ብሎ ሲወስን ከዚህ በታች በደል ነው ማለቱ ነው እንጂ ከዚህ በላይ አትስጥ ማለቱ አይደለም። ደግሞም ገንዘብ ዋጋው ይወርዳል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ2009 ለሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብለው የወሰኑት ሳይነካ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ዳቦው በቦታው አልቆየም። አንተም ጤፍ በተወደደ ቁጥር የሸቀጥህን ዋጋ ከፍ እያደረግህ የተሸካሚህን ዋጋ ካቻምና በነበረበት ብትተወው፣ ሳትናገር ደመወዙን ቀንሰኸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደፍሬ እናገረዋለሁና ይቅር በሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ከሠራተኞቹ ዋጋ የሚቆርጥ፣ ረመዳን ሲገባ ግን እነዚያኑ ሠራተኞች በደጁ አሰልፎ ዘካ የሚሰጣቸው ሰው አለ። ሰዉም ለጋስነቱን ያወራለታል። ደመወዝ ዕዳ ነው፤ ዘካ በዕዳ ፈንታ አይታሰብም። እንዲህ ያለው ሰው ዘካውም ገና አልወጣለትም፤ ያደለውም የተቀባዮቹን የራሳቸውን ሀቅ ነው። አላህ በትንሣኤ ቀን ራሱ ከሳሽ የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች መሆናቸው በቡኻሪ ተዘግቧል፤ ከነርሱ አንዱ ሠራተኛን ይዞ ሥራውን ሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ሰው ነው።

«ሠራተኛው ዋጋውን ሳይቀበል ሄዷል፤ ወዴት እንደገባ አላውቅም፤ ምን ላድርግ?» ብለው የሚጠይቁኝ ነጋዴዎች አሉ። በዋሻ ውስጥ ቋጥኝ ከተዘጋባቸው ከሦስቱ ሰዎች አንዱ የሠራተኛውን ጥቂት እህል ዘርቶ አራባለት፤ ባለቤቱ ከዘመን በኋላ ሲመለስ ከብቶቹን ከነእረኛቸው አስረከበው። አንተ ይህን ያህል ባትችል፣ በመጀመሪያ ስሙንና ልኩን በደብተርህ ጻፍ፤ በአገሩ ሰዎችና በዘመዶቹም አስጠይቅ። ሞቶ እንደሆነ ለወራሾቹ ስጥ። ተስፋ ከቆረጥህ ገንዘቡን በእርሱ ስም ለድኾች ሰደቃ አድርገው። አንድ ቀን መጥቶ በደጅህ ቢቆም ግን ይምረጥ፤ ሰደቃውን ከወደደ ምንዳው ለእርሱ ነው፤ ካልወደደ ከራስህ ገንዘብ ትከፍለዋለህ፣ የሰደቃውም ምንዳ ላንተ ይሆናል።