ከማዕረግ ወደ ትምህርት ቤት፦ መደብና ዕድል በእንግሊዝ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን

በእንግሊዝ ክሪኬት የመደብ ልዩነት ለረጅም ዘመን በይፋ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ያለ ደመወዝ የሚጫወቱት «ጨዋዎች»፣ በክፍያ የሚጫወቱት ደግሞ «ተጫዋቾች» ይባሉ ነበር። በብዙ ሜዳዎች የልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው የተለያየ ነበር፤ በውጤት መዝገብ ላይ የስማቸው አጻጻፍ እንኳ አንድ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባለ ደመወዞቹ መካከል የብሔራዊ ቡድኑ ቋሚ አምበል ለመሆን የመጀመሪያው ሌን ሃተን ሲሆን፣ የተሾመውም በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ክፍፍሉ ራሱ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1962 ነው።

የማዕረጉ መሻር ዕድሉን ለሁሉም ከፍቷልን? ሰተን ትረስት በ2019 ባወጣው ጥናት ከወንዶች ብሔራዊ ቡድን አባላት 43 በመቶ የሚሆኑት በግል ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። የክሪኬትን ፍትሐዊነት የመረመረው ነጻ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ የ2021ን ድርሻ 58 በመቶ አድርጎታል። ከአጠቃላዩ ሕዝብ በግል ትምህርት ቤት የተማረው 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ አሃዞች ከተለያዩ ተቋማት የተገኙ በመሆናቸው እንደ ተከታታይ ጭማሪ ሊነበቡ አይገባም፤ ሆኖም ሁለቱም ሰፊ የውክልና መዛባትን ያሳያሉ።

ምክንያቱ በከፊል ከጨዋታው ባሕርይ ይመነጫል። ክሪኬት በጥንቃቄ የተደለደለ መሬት፣ በመረብ የታጠረ መለማመጃ፣ ውድ መሣሪያ፣ አሠልጣኝና ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። እነዚህን አሟልቶ የሚያቀርበው በአብዛኛው የግል ትምህርት ቤት ነው። ከ2005 በኋላም የብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታዎች የቀጥታ ሥርጭት ወደ ክፍያ ቴሌቪዥን መዛወሩ፣ አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ጨዋታውን የሚያይበትን በር አጥብቧል።

ይሁን እንጂ «በግል ትምህርት ቤት የተማረ» ማለት «ከሀብታም ቤተሰብ የተወለደ» ማለት አይደለም። የቀድሞው አምበል ጆ ሩት በሼፊልድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲማር ቆይቶ፣ በስፖርት ችሎታው ስኮላርሺፕ አግኝቶ ወደ ወርክሶፕ ኮሌጅ ተዛውሯል። አሃዙ እርሱንና ከልጅነቱ ጀምሮ ወላጆቹ የከፈሉለትን በአንድ ዓምድ ይቆጥራል። ይህ ግን መዛባቱን አያስተባብልም፤ እንዲያውም ተሰጥኦ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ጭምር በዚያው በር ማለፍ እንደሚያስፈልገው ይጠቁማል። በሩን የሚከፍተውም በልጅነቱ ያየው መልማይ ካለ ነው።

ስለዚህ የወደፊት ጥናቶች የመጨረሻውን ትምህርት ቤት ብቻ ከመመዝገብ ይልቅ፣ ተጫዋቹ ጨዋታውን የት እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ ተዛወረና ወጪውን ማን እንደ ሸፈነ ለይተው ቢመዘግቡ፣ የወላጅ ሀብትና የትምህርት ቤቱ አቅም ያላቸውን ድርሻ ነጥሎ መመዘን ይቻላል።