ዕቃው በጋራ፣ መዝገቡ በልክ

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሮቤ፣ የጤና ትምህርቱ ደግሞ በጎባ ይገኛል፤ የሚተዳደረውም በፌዴራል መንግሥት ነው። የሮቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ግን የክልሉ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተር ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለቱም የተማሪ መዝገብ ይይዛሉ። በየግል ወይስ በኅብረት ቢሠሩ ይሻላል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ግዥውን እንመልከት። የማዕቀፍ ግዥ በሚባለው ሥርዓት የብዙ መሥሪያ ቤቶች ፍላጎት ተሰብስቦ አንድ ጨረታ ይወጣል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ እያንዳንዱ እንደ በጀቱ ያዝዛል። ጥቅሙም የዋጋ ብቻ አይደለም። ዕቃው አንድ ዓይነት ከሆነ መለዋወጫውን መዋዋስ፣ ጠጋኙንም መጋራት ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

መዝገብ ግን ሎሚ አይደለም። በዲፕሎማ ተመርቆ ለዲግሪ የሚገባ መምህር ውጤቱ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ቢተላለፍለት ከመመላለስ ይድናል፤ ሐሰተኛ ማስረጃም ይጋለጣል። ነገር ግን በዚያው መስመር የሕክምና ካርዱ ቢከተለውስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ጋር ለማይጣጣም ሌላ ዓላማ እንዳይውል ያዛል።

እንግዲህ ማሽኑን በጋራ እንግዛ ሲባል እንደግፍ። መዝገቡን በጋራ እንያዝ ሲባል ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ያየዋል? ለምን? እስከ መቼ? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠን፣ ፊርማችንን አናስቀድም።