የቃራሚዋ ማዕድ፦ ባልሳሚኮን በጥቂት ገንዘብ ስለማብሰል የቀረበ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ባልሳሚኮ ስለተባለ አንድ ጠርሙስ ሆምጣጤ ነው። ትንሽ ጉዳይ ቢመስልም፣ ሆምጣጤ በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ላይም ተጠቅሷል። ባሏ የሞተባት ሞዓባዊት ሩት በሰው እርሻ ላይ ቃርሚያ ስትለቅም ዋለች። በምሳ ሰዓት ቦዔዝ ወደ አጫጆቹ ማዕድ ጠራትና ጉርሻዋን በሆምጣጤ እያጠቀሰች እንድትበላ ጋበዛት። በላች፣ ጠገበች፣ አተረፈችም። የተረፋትንም ማታ ለአማቷ ለኑኃሚን ይዛላት ገባች።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ሆምጣጤ በፀሐይ ሲደክም የዋለ ሠራተኛ ማባያ ነበረ። ሁለተኛ፣ ሩት ያተረፈችው ተርባ ሳይሆን ጠግባ ነው፤ ትርፉም ቤት ለምትጠብቃት ሰው ሆነ። ቁጠባ የምንለው ይህንን ነው። ነፉግ ለራሱም ለሌላውም ያሳንሳል። ቆጣቢ ግን የእያንዳንዱን ነገር ቦታና መጠን ስለሚያውቅ፣ ከጥቂቱ ጠግቦ ለሌላ ያተርፋል። እንግዲህ ይህን በባልሳሚኮ ላይ እንማረው።

ስለ ስሙ

አገር ቤት ሰላጣ ላይ የምናደርገውን ሆምጣጤ «አቼቶ» እንለዋለን። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ያው ሆምጣጤ ነው። «አቼቶ ባልሳሚኮ» ሲባል በለሳናዊ ሆምጣጤ ማለት ይሆናል። በለሳን ለመድኃኒትና ለሽቱ የሚሆን የዛፍ ሙጫ ነው። ሆኖም በጠርሙሱ ውስጥ አንዳች የበለሳን ሙጫ የለም። ስሙ የወጣለት በቀድሞ ዘመን እንደ መድኃኒት ይቆጠር ስለነበረ ነው። ስለዚህ ስሙን ሰምተን ብቻ አንግዛ፤ ውስጡን እንመርምር።

ስለ ሦስቱ ደረጃዎች

የመጀመሪያው ባህላዊው ነው፤ በጣልያንኛ «ትራዲዚዮናሌ» ይባላል። የሚሠራው በሰሜን ጣልያን፣ በሞዴናና በሬጆ ኤሚሊያ ነው። የወይን ጭማቂ ይቀቀልና በበርሜል ይቀመጣል፤ ሌላ ሆምጣጤ አይገባበትም። በርሜሎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራሉ፤ እንጨታቸውም የተለያየ ነው፤ የአውሮፓ ኦክ፣ ቼሪ፣ የእንጆሪ ዛፍና ሌላም ይሆናል። ቦታቸው ከጣሪያ ሥር ነው። የበጋው ሙቀት ውሃውን ያተንነዋል፣ የክረምቱ ብርድ ያረጋጋዋል። ከትንሹ በርሜል ጥቂት ሲቀዳ፣ የጎደለው ከሚቀጥለው ይሞላል። ቢያንስ 12 ዓመት ይቆያል፤ «ኤክስትራቬኪዮ» የተባለው 25 ዓመት። የሞዴናው በ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይሸጣል፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ነው።

ሁለተኛው «አቼቶ ባልሳሚኮ ዲ ሞዴና» ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገበ ሲሆን፣ የቦታ ስሙ የተጠበቀ መሆኑን የሚያመለክት «አይ.ጂ.ፒ.» የሚል ማኅተም አለው። ይህ የወይን ጭማቂና የወይን ሆምጣጤ ቅልቅል ነው። ደንቡ ጭማቂው ከ20 በመቶ፣ ሆምጣጤው ከ10 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። በእንጨት ዕቃ የሚቆየው ቢያንስ 60 ቀን ነው። ለቀለሙ እስከ 2 በመቶ ካራሜል ይፈቀድለታል።

ሦስተኛው «ባልሳሚክ» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ወሰነው፣ ጥበቃ ያለው ሙሉው የሞዴና ስም እንጂ «አቼቶ» እና «ባልሳሚኮ» የሚሉት ቃላት ለየብቻቸው አይደሉም። ስለዚህ በሌላ አገር የተሠራም ቃሉን ሊይዝ ይችላል።

ለኛ ኪስ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። እዚያም ውስጥ መለያ አለ፦ ከጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን እናንብብ። በብዛት ያለው ነገር በመጀመሪያ ይጻፋል። የወይን ጭማቂው ቀድሞ ከተጻፈ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ይሆናል። ሆምጣጤው ከቀደመ፣ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል። ሁለቱም ሥራ አላቸው፤ ዋጋቸውን ስናወዳድር ግን የምንገዛውን አውቀን እንግዛ።

ስለ አንድ ጥያቄ

«ባህላዊውን መግዛት ያልቻለ ሰው እውነተኛውን ነገር አጣ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። መልሱ፦ አላጣም፤ ምክንያቱም ድስት የዚያ ቦታው አይደለም። የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው በበሰለ ምግብ ላይ ጠብ ያደርጉታል እንጂ አይቀቅሉትም። የብዙ ዓመት መዓዛው በእሳት ይጠፋልና። ለድስት የተዘጋጀው ርካሹ ነው። በርካሹ ስናበስል እያንዳንዱን በየቦታው አዋልን እንጂ ከማዕድ አልጎደልንም።

ስለ አሠራሩ

አንደኛ፣ ማወፈር። ቀጭኑን አንድ ስኒ በማይዝግ ብረት ድስት አድርገን በለስላሳ እሳት እናንተክትከው። አሉሚኒየም ድስት አይሁን፤ ኮምጣጣው ስለሚበላው ጣዕሙ ይበላሻል። መስኮት እንክፈት፤ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ከግማሽ በታች ሲሆንና የማንኪያ ጀርባ ላይ ሲለጥፍ እናውጣው። ገና ቀጠን እንዳለ ነው የሚወጣው፤ ሲበርድ ይወፍራል። እሳት ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪወፍር የጠበቀ ሰው፣ ሲበርድለት እንደ ከረሜላ ደርቆ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ ሽንኩርትና ምስር። ሽንኩርት ማቁላላት ለኛ አዲስ አይደለም፤ ትዕግሥቱን ከእናቶቻችን ተምረነዋል። ሁለት ቀይ ሽንኩርት በቀስታ ተቁላልቶ ሲጣፍጥ፣ ለብቻው የተቀቀለ አንድ ስኒ ድፍን ምስር እንጨምርበት። ባልሳሚኮው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሆኖ በመጨረሻ ይገባል። ምስሩ ሳይበስል ከገባ አይለሰልስም፤ ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬን ልጣጭና ሥጋ አጠንክሮ ይይዛልና። ለጾምም የሚሆን፣ ቤተሰብ የሚያጠግብ ምግብ ነው።

ሦስተኛ፣ አትክልት። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን በዘይትና በጨው ምድጃ ውስጥ ይጠበሱ። ባልሳሚኮውን ሊወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው እንርጨው። ስኳር ስላለበት ቀደም ብሎ ከገባ ያርራል፤ ያረረውም ይመራል።

አራተኛ፣ ሰላጣ። ለሦስት ማንኪያ ዘይት አንድ ማንኪያ ባልሳሚኮ ይበቃል። ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ሊበላ ሲል ይደረግበት።

ባልሳሚኮ ባይኖርስ? ተራ የቀይ ወይን ሆምጣጤ ውስጥ ጥቂት ስኳር ወይም ማር ማሟሟት ለድስት ያገለግላል። ያው ነው አንልም፤ ነገር ግን ጣፋጭና ኮምጣጣውን አስታርቆ ያቀርባል።

ስለ መጠኑ

250 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 16 የሾርባ ማንኪያ ይወጣዋል። ለአንድ ድስት አንድ ማንኪያ እያደረግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ብናበስል፣ ጠርሙሱ ሁለት ወር ያገለግለናል። ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም።

ጠርሙሱ ያለቀ ሲመስለን ደግሞ አንጣለው። ግድግዳው ላይ የቀረ አለ። ጥቂት ዘይት፣ ቆንጠር ጨው፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጨምረን ክዳኑን ገጥመን እንነቅንቀው። የአንድ ሰላጣ ማጣፈጫ ይወጣዋል። ያን ቀን አንድ ሳህን ጨምረን እናቅርብ፤ ብቻውን የሚበላ ጎረቤት ካለ እንጥራው። ሩት ከማዕዷ ያተረፈችውን ይዛ የገባችው ቤት የምትጠብቃት ኑኃሚን ስላለች ነው።