የሥራ ፈቃድ የማን ነው? የሠራተኛው ወይስ የሥራ መደቡ?

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉት ወርክሾፖች፣ ጋራዦችና የንግድ ቤቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። «ሰውየው የውጭ ዜጋ ነው። ሙያውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በደመወዝም ተስማምተናል። ለመሥራት የተፈቀደለት መሆኑን ግን በምን አረጋግጣለሁ?» ጥያቄው የባዕድ ኢንቨስተሮች ብቻ አይደለም። በተለይ በጎፋ መብራት ኃይልና በጀሞ አካባቢ ብዙ ኤርትራውያን ስደተኞች ስለሚኖሩ፣ ሁለት ማሽን ብቻ ያለው የልብስ ስፌት ቤት ሳይቀር ይገጥመዋል።

ብዙ ቀጣሪዎች ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። አንዱ ነገሩን ሸሽቶ «የውጭ ሰው አልቀጥርም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዝም ብለህ ሥራ፣ በእጅ እከፍልሃለሁ» ይላል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በታች በቁጥር እናያለን። በቅድሚያ ግን የሕጉን ስሌት እንመልከት።

ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንኛውም የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። ፈቃዱን የመስጠት ኃላፊነት ቀድሞ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆኗል። በኢንቨስትመንት ኮሚሽን በኩል ፈቃድ ያወጡ ኩባንያዎች ደግሞ በኮሚሽኑ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይስተናገዳሉ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ነው። ዘመኑ በመርሕ ደረጃ ሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። ሰውየው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑ ከተረጋገጠም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ የውጭ ዜጋ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ይዞት የመጣው ደብተር ለአዲሱ ቀጣሪ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ደብተሩ የሚናገረው ሰውየው ትናንት የት፣ ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ነው። ለነገ አዲሱ ቀጣሪ በራሱ ስም ማመልከት አለበት።

በዚህ ረገድ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያውቁት አሠራር ከእኛ ይለያል። በዚያ አገር በ1986 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት፣ ማንኛውም አዲስ ተቀጣሪ፣ ተወላጁም ስደተኛውም፣ «አይ ናይን» የተባለውን ቅጽ ይሞላል። ቀጣሪው ሥራ በተጀመረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማስረጃውን ተመልክቶ ይመዘግባል። ከተፈቀዱት ሰነዶች ውስጥ የትኛውን እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው፤ ቀጣሪው «ግሪን ካርድ ካላመጣህ» ብሎ ሊያስገድደው አይችልም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ብዙው ማረጋገጫ ሠራተኛው በሚሰጠው የኮድ ቁጥር በኮምፒዩተር ይከናወናል። ሳያጣራ የቀጠረ ድርጅት ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ ሰው እስከ 60 ሺህ ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

በእነዚህ አገሮች ለብዙ ስደተኞች የመሥራት መብት በኪሳቸው የሚዞር ንብረት ነው። በእኛ አገር ግን በአመዛኙ ከሥራ መደቡ ጋር የታሰረ ነው። የኢኮኖሚ ውጤቱም ግልጽ ነው። መብቱ በኪሱ የሆነ ሠራተኛ የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ ይሄዳል፤ መብቱ ከወንበሩ ጋር የታሰረ ሠራተኛ ግን የመደራደር አቅሙ ይቀንሳል።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ወረቀት

በመሆኑም ቀጣሪው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «ወረቀትህ የት አለ?» ብሎ ሳይሆን «ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ ነው።

አንደኛው ተራ የውጭ ዜጋ ነው። ለእርሱ ከላይ የተገለጸው ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል። ቀጣሪው የታደሰ የንግድ ፈቃዱን፣ የሥራ ውሉን፣ የሰውየውን ፓስፖርትና ቪዛ፣ የተረጋገጠ የትምህርትና የልምድ ማስረጃውን አሟልቶ ያመለክታል። ሥራውን የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በበቂ አለመገኘቱንም ማሳመን ይጠበቅበታል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ባለሀብቱ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በውጭ ባለሙያዎች ቦታ እንዲተካ ያስገድዳል። ለዚህ ቅርብ ምሳሌ የሚሆነን ለቡ ላይ ጣቢያ ያለው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ነው። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ሲጀምር የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ሥራው ለኢትዮ–ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ።

ሁለተኛው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን መታወቂያ የያዘ ሰው የሥራ ፈቃድ እንደማያስፈልገው ይደነግጋል። የመግቢያ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም። በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች ግን አይቀጠርም። ስለዚህ ከዋሽንግተን የመጣ የሒሳብ ባለሙያ ቢጫ ካርዱን ካሳየ ሌላ ፈቃድ ፍለጋ መንከራተት አያሻም። የአሜሪካ ፓስፖርት ብቻ ይዞ ከመጣ ግን እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ይቆጠራል። ስሙና አማርኛው ማስረጃ አይሆንለትም።

ሦስተኛው ስደተኛ ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እውቅና ያገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ተቀጥረው የመሥራት መብት እንዳላቸው በግልጽ አስፍሯል። መብቱ ከውጭ ዜጎች ሁሉ የተሻለ አያያዝ ለሚደረግለት ከሚሰጠው ጋር የሚስተካከል ነው። መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በጋራ በሚነድፏቸው ፕሮጀክቶች የተሰማሩት ደግሞ በዚያው ፕሮጀክት ካለው ኢትዮጵያዊ እኩል ይታያሉ። ይሁንና የስደተኛ መታወቂያ ማንነትን ያረጋግጣል እንጂ በራሱ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ቀጣሪው ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ ሠራተኛው የትኛውን ሰነድ መያዝ እንዳለበት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ርካሽ ነውን?

የመኪና ደላሎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሁለት አንድ ዓይነት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሊብሬ ቢያጣ ዋጋቸው አንድ አይሆንም። ሞተሩ ያው ነው፤ የተለየው ገዢው የሚሸከመው ስጋት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት፣ በኋላም ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው ጥናት የተመሠረተው በዚሁ በአሮጌ መኪና ገበያ ላይ ነው። ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅናውም ከገበያ ይሸሻል። ሰው ዕቃ ባይሆንም፣ ወረቀት የሌለው ባለሙያ ደመወዝም በዚሁ መንገድ ይወርዳል። የሚቀነሰው ከሙያው አይደለም፤ ከቀጣሪው ስጋት ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የብየዳ ባለሙያ ይፈልጋል እንበል። የገበያው ደመወዝ በወር 20 ሺህ ብር ነው። ፈቃድ የሌለው ባለሙያ በ12 ሺህ ብር በእጅ ለመቀበል ተስማማ። ባለቤቱ በዓመት 96 ሺህ ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን በእጅ የተከፈለው 144 ሺህ ብር በመዝገብ ስለማይታይ ወጪ ሆኖ አይቀነስለትም። በሕጉ መንገድ የሚከፈለው 240 ሺህ ብር ግን ወጪ ሆኖ ስለሚያዝ፣ በ30 በመቶ የትርፍ ግብር ስሌት 72 ሺህ ብር ግብር ይቀንስለታል። ትክክለኛው ወጪ 168 ሺህ ብር ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ በ168 ሺህ እና በ144 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት 24 ሺህ ብር ብቻ ነው። ይኸውም በወር 2 ሺህ ብር መሆኑ ነው።

ለዚህ ሁለት ሺህ ብር ሲባል ቀጣሪው የግብር ምርመራን ስጋት ይሸከማል። ባለሙያው ትእዛዝ መካከል ላይ ቢጠፋ የሚይዘው ውል የለውም። ሠራተኛው ደግሞ በየወሩ 8 ሺህ ብር ጥቅል ደመወዝ ያጣል፤ የሥራ ግብር ከታሰበ በኋላ ልዩነቱ ቢጠብም ኪሳራው የእርሱ ነው። ደመወዙ ሲዘገይ ወይም ብየዳው ዓይኑን ሲጎዳው አቤት ለማለት ይፈራል። የልምድ ማስረጃ ስለማይሰጠውም ነገ ለሌላ ቀጣሪ ሙያውን የሚያረጋግጥበት ነገር አይኖረውም። ወረቀት አልባነት ወረቀት አልባነትን ይወልዳል።

ከመፈረም በፊት

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ሰውየው ከሦስቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ። ሰነዱን ዋናውን ይመልከቱ፤ ፎቶ ኮፒውን በሠራተኛው ማኅደር ያስቀምጡ። ፓስፖርቱንም ሆነ መታወቂያውን ግን ይዘው አያስቀሩ፤ የባለቤቱ ነው። የሚያበቃበትን ቀን በማስታወሻዎ ይጻፉ፤ እድሳቱ ዓመታዊ መሆኑን አይርሱ። በፈቃዱ የተጻፈው የሥራ ዓይነትና በውልዎ ያለው መደብ አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ከሌላ ድርጅት የመጣ ከሆነም መልቀቂያውን ጠይቀው በራስዎ ስም ያመልክቱ። «እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ይጠይቁ።

አንድ መኪና ለመግዛት ሊብሬ ሳያይ ገንዘብ የሚቆጥር ነጋዴ የለም። አብሮት ለሚውል ሠራተኛ ግን ያንኑ ያህል ጥንቃቄ የሚያደርገው ጥቂቱ ነው። ጥንቃቄው ቀጣሪውን ከቅጣት፣ ሠራተኛውንም ከግማሽ ደመወዝ ያድናል።