ቀድሞ መብላት ወይስ መጠበቅ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር የጥንቱን ሰንጠረዥ እንጫወታለን። በመክፈቻው፣ በወረራው ጊዜ፣ ጠጠሮቼ ቶሎ ይሰለፉልኛል። ወዲያው ጠጠር ልብላ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ይጠብቁ፣ ግን አይዘናጉ። በወረራ ተራ የለም፤ አንዳችሁ እስኪበላ ድረስ ሁለታችሁም እንዳሻችሁ ታንቀሳቅሳላችሁ። የመጀመሪያው መብላት ይህን ነፃነት ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የምትበላዋ ወታደር አይደለችም፤ በዚያች ቅጽበት ማን በተሻለ ተሰልፏል የሚለው ነው። ባላጋራዎ ገና እየተደራጀ፣ ደሮችዎ (በቀጥታ የሚሄዱት ጠጠሮች) ክፍት መስመር ከያዙ ይብሉ። አንድ ወታደር በልተው ፈረስ የሚያስበሉ ከሆነ ግን ይተዉት፤ የችኩል ሥራ ነው። የባላጋራዎንም እጅ ይከታተሉ። ያንኑ ጠጠር ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ከጀመረ የሚያሻሽለው አልቀረውም፤ እርስዎ የቀረዎት ካለ ተረጋግተው ይጨርሱና ይብሉ።